የእትዬ አልጋነሽ ጄነሬተርና የቢተው ምላስ

ተረት አለኝ። ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅርብ፣ ሥራ ያለው ሥራውን ይዞ ይስማ።

በኮምቦልቻ ከተማ፣ በአንዲት እንቁላል ውስጥ፣ አንዲት ጫጩት ነበረች። ገና አልተወለደችም። ሃያ ቀን ሆኗታል፤ ለመውጣት አንድ ቀን ነው የቀራት። ቅርፊቱን ከውስጥ በምንቃሯ ኳ… ኳ… ኳ ታደርገዋለች። የምትፈልገው ብዙ አይደለም። ጥሬ አልፈለገችም፣ ውኃ አልፈለገችም፣ እናትም አልጠየቀች። የፈለገችው ትንሽ ሙቀት ብቻ ነው።

ሙቀቱ የሚመጣው ከማስፈልፈያው ነው። ማስፈልፈያው የእትዬ አልጋነሽ ነው። ቁመቱ ሰው ያህላል፣ በመብራት ይሠራል፣ ሦስት መቶ ስድስት እንቁላል በሆዱ ይይዛል። እንቁላሎቹ የእትዬ አልጋነሽ ብቻ አይደሉም። የሰፈሩ ሴቶች ከየዶሮዎቻቸው ሥር ለቅመው፣ በሰፌድ ጭድ ላይ አስተኝተው፣ "አደራ እትዬ" ብለው ያስረከቧቸው ናቸው። እንዳይቀላቀሉ በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ የባለቤቱ ስም በእርሳስ ተጽፏል። የኛዋ ጫጩት ቅርፊት ላይ "የሃዋ" ይላል።

ታኅሣሥ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። እንደሚጠፋ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ምሰሶ ስለሚቀየር እስከ ማታ አይመጣም ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነግሯል። ሌላው ሰው ስልኩን ቀድሞ ቻርጅ አደረገ፣ እህሉን ቀድሞ አስፈጨ። እትዬ አልጋነሽ ግን ምንም አላደረጉም። "እኔ ምን አስጨነቀኝ፣ ጄነሬተር አለኝ" ብለው ወደ ጓሮ ሄዱና የማስነሻውን ቁልፍ ተጫኑ።

ጄነሬተሩ "ጠቅ" አለ። ከዚያ ዝም አለ።

ደግመው ተጫኑ። አሁን "ጠቅ" እንኳ አላለም።

ጄነሬተሩን የተከለው ቢተው ነው። ቢተው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። በየግቢው ጄነሬተር ይተክላል፤ የተከለውንም በየጊዜው እየዞረ ዘይቱን ይቀይራል፣ ማጣሪያውን ያጸዳል፣ ባትሪውን ይለካል። የኮምቦልቻ ሴቶች "ቢተው የነካው አይሞትም" ይሉታል። ሲሉት ይሰማል፤ ያልሰማ ይመስላል እንጂ ይሰማል።

ተደወለለት፤ የዕቃ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ። ሞተሩን ነካ፤ ቀዝቃዛ ነው። ናፍጣውን አየ፤ ሙሉ ነው። ባትሪውን በቴስተር ለካ፤ ባዶ ነው።

"እንዴት ባዶ ይሆናል?" ብሎ የቻርጀሩን ክዳን በካቻቢቴ ፈታ። ፈትቶ አየ። አይቶም ጆሮው ጋለ።

ከክዳኑ ሥር አውራ ጣት የምታህል ብሬከር አለች። ወደ ላይ ስትሆን ቻርጀሩ ከቤቱ መብራት እየወሰደ ባትሪውን ይመግባል። ወደ ታች ስትሆን ባትሪው ይራባል። ብሬከሯ ወደ ታች ነበረች።

ማን አወረዳት? ራሱ ቢተው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እንቁላሎቹ ሊገቡ ሲሉ፣ ጄነሬተሩን ሊፈትሽ መጥቶ ነበር። የባትሪውን ሽቦ ሲፈታ እሳት እንዳይረጭ ብሬከሯን አወረደ። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለውም፤ አሠራሩ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ግን ሴቶቹ በረንዳው ላይ ቆመው ያዩት ነበር። አንዷ "እጁን እዩልኝ፣ የቀዶ ሐኪም እጅ እኮ ነው የሚመስለው!" አለች። ቢተው ደስ አለው። ደስ ብሎት ክዳኑን ገጠመ፣ ብሎኗን አጠበቀ፣ ካቻቢቴውን በጣቶቹ መሃል አሽከርክሮ ኪሱ ከተተ። ሴቶቹ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። ብሬከሯን ግን አላነሳትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጄነሬተሩ ትንሽ ቀይ መብራት ሌት ተቀን ባትሪውን ስትጠባው ከረመች። በሦስቱ ሳምንት ውስጥ ደግሞ መብራት አንድም ቀን ስላልጠፋ ማንም ሳያውቅ ቀረ።

"ምን ሆኖ ነው ቢተው?" አሉ እትዬ አልጋነሽ ከኋላው።

ቢተው ዞር ሳይል ብሬከሯን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ገፋት። ማንም አላየውም። "እኔ ነኝ የረሳሁት" ሊል አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ባትሪው ነው እትዬ። በስብሷል። ከመጀመሪያውም ደህና ባትሪ አልነበረም።"

"የሐጂ ሙሄ ባትሪ? እንዴ! በአዲሱ ነው እኮ የሸጡልኝ!"

"እንግዲህ…" አለ ቢተው።

ያፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቢተው ቃሉን መልሶ ሊውጠው ፈልጎ ነበር፤ ቃሉ ግን እትዬ አልጋነሽ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል።

"ታዲያ ሐጂ ሙሄን ልጥራቸዋ! ሱቃቸው እዚሁ ነው፣ በቀኝ በኩል ታጥፎ።"

"የለም፣ የለም! እሳቸውን አያስቸግሯቸው። እኔ ሌላ ዘዴ አለኝ። ደህና ባትሪ ካለው መኪና ጋር በገመድ አገናኘዋለሁ። ጄነሬተሩ አንዴ ከተነሳ በራሱ ይቀጥላል።"

"እንግዲያው ፍጠና ልጄ! የሰው አደራ ነው የታቀፍኩት።"

ባትሪው ጄነሬተሩን አላስነሳ አለ፣ ጄነሬተሩ ማስፈልፈያውን አላበራ አለ፣ ማስፈልፈያው እንቁላሉን አላሞቅ አለ፣ ጫጩቷም ኳ… ኳ… ኳ አለች። ቴርሞሜትሩ ከሠላሳ ሰባት ወደ ሠላሳ ስድስት ወረደ። እትዬ አልጋነሽ ጋቢያቸውን አውልቀው ማስፈልፈያውን አለበሱት።

ቢተው ከግቢው ወጣ። ቀኙን ትቶ ወደ ግራ ታጠፈ። በግራ በኩል፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ እንድሪስ የሚባል ሹፌር አይሱዙውን እያጠበ ነበር።

"እንድሪስ፣ ባትሪህን ለአምስት ደቂቃ አበድረኝ። የእትዬ አልጋነሽ ጄነሬተር አልነሳ ብሎኝ ነው።"

"አብሽር! ባትሪ ምን አለው። ግን ፈትቼ አልሰጥህም። ብሎኑ ዝጎ ከመቀመጫው ጋር ተጋብቷል፤ ቄስም ሼህም አያፋታቸውም።" እንድሪስ ጨርቁን ጨመቀ። "ገመድህ ስንት ሜትር ነው?"

"አራት።"

"እንግዲያው መኪናዋን ራሷን እስከ ጓሮው አስገባልሃለሁ። ለመሆኑ አንተ የተከልከው ጄነሬተር ምን ሆኖ ነው አልነሳ ያለው? 'ቢተው የነካው አይሞትም' አይደል የሚባለው?"

የቢተው ጆሮ እንደገና ጋለ። አሁን ሊለው ይችል ነበር። እንድሪስ ጓደኛው ነው፤ ቢስቅበት ሳቅ ነው፣ ያልፋል። ግን ውሸት አንድ ጊዜ ከወጣ ወንድም ይፈልጋል።

"ባትሪው… ሐጂ ሙሄ የሸጡላቸው… የቆየ ባትሪ ነው መሰለኝ።"

"ሐጂ ሙሄ? የቆየ ባትሪ?" እንድሪስ አፏጨ። "ወላሂ ጉድ ነው! ሰው አይታመንም በለኛ!"

ቢተው የጫማውን ጫፍ አየ።

እንድሪስ አይሱዙውን አስነስቶ ወደ መንደሩ መንገድ አስገባው። ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ቆመ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር ነው። መሃሉ ላይ ቅድም ቢተው ሲወጣ ያልነበረ አንድ ጋሪ ተገሽሮበታል። ጋሪው ላይ የወፍጮ ድንጋይ ተጭኗል፣ የወፍጮው ድንጋይ ላይ ደግሞ ባለጋሪው ሸጋው ተቀምጦ ሸንኮራ ይመጥጣል።

መንገዱ አይሱዙውን አላሳልፍ አለ፣ አይሱዙው ባትሪውን አላበድር አለ፣ ባትሪው ጄነሬተሩን አላስነሳ አለ፣ ጄነሬተሩ ማስፈልፈያውን አላበራ አለ፣ ማስፈልፈያው እንቁላሉን አላሞቅ አለ፣ ጫጩቷም ኳ… ኳ… ኳ አለች። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አምስት ገባ።

"ሸጋው! ጋሪህን አንሳልና!" ብሎ እንድሪስ በመስኮቱ ጮኸ።

"ጥሩንባህን ንፋበት፤ ከሰማህ ይነሳልሃል" አለ ሸጋው።

ቢተው ሮጦ ደረሰ። "ጋሽ ሸጋው፣ በሞቴ፣ ሦስት መቶ እንቁላል እየቀዘቀዘ ነው።"

"እኔስ ጠዋት ስወጣ እዚህ ልቀመጥ ብዬ የወጣሁ መሰለህ? ጎማው ተንፍሷል፤ አየዋ!" የጋሪው የግራ ጎማ እውነትም መሬት ላይ ተኝቷል።

"ድንጋዩን እናውርደው።"

"አውርደው! ስድስት ሰው ነው የጫነው። ስድስቱም አሁን ወገባቸውን ይዘው ተኝተዋል።"

"እንዲሁ ቢጎተትስ?" አለ እንድሪስ ወርዶ። "ፈረሱን ቸብ አድርገው።"

"አንተን ቸብ ላድርግህ? ጎማው ሳይነፋ ከተጎተተ ቸርኬው ይሰበራል፤ ከዚያ ድንጋዩም እኔም እዚሁ እናረጃለን።"

ፈረሱ ወደ ኋላ ዞሮ ሦስቱንም አያቸው። በነገሩ ከሸጋው ጋር የተስማማ ይመስላል።

ጎማው ጋሪውን አልሸከም አለ፣ ጋሪው መንገዱን አልለቅ አለ፣ መንገዱ አይሱዙውን አላሳልፍ አለ፣ አይሱዙው ባትሪውን አላበድር አለ፣ ባትሪው ጄነሬተሩን አላስነሳ አለ፣ ጄነሬተሩ ማስፈልፈያውን አላበራ አለ፣ ማስፈልፈያው እንቁላሉን አላሞቅ አለ፣ ጫጩቷም ኳ… ኳ አለች። ሁለቴ ብቻ። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አራት ገባ።

"ጎማውን የሚነፋ የለም?" አለ ቢተው።

"ጎሚስታዎቹ ሁሉ በመብራት ነው የሚነፉት። መብራት የለም። የእጅ ፓምፕ ያለው በዚህ ሰፈር አንድ ሰው ነው" አለ ሸጋው።

ቢተው ስሙ ሳይጠራ ማን እንደሆነ አወቀ።

"ሐጂ ሙሄ ናቸው" አለ ሸጋው።

"ኧረ እሳቸውስ ይቅሩብን!" አለ እንድሪስ። "አልሰማህም? ለእትዬ አልጋነሽ አሮጌ ባትሪ ቀብተው፣ አዲስ ነው ብለው ሸጠውላቸው ነው እኮ ይሄ ሁሉ ጣጣ።"

"ቀብተው!" ሸጋው ሸንኮራውን ከአፉ አወጣ። "ሐጂ ሙሄ?"

"ቀብተው አላልኩም" አለ ቢተው። ድምፁ በጣም ስለቀነሰ የሰማው ፈረሱ ብቻ ነው።

ሸጋው ከድንጋዩ ላይ ወረደ። "ቀቡም አልቀቡም ፓምፑ ያለው እሳቸው ጋ ነው። ኑ፣ እንሂድ።" እንድሪስም ተከተለ። ቢተው ከሁለቱ ኋላ ሆነ። የእትዬ አልጋነሽን በር አለፉ፣ ቀድሞ የሸሸውን ቀኝ መንገድ ያዙ። እግሩ ሊሄድለት አልፈለገም። መብራት የሌለበትን ሽቦ የሚነካ ሰው አይፈራም፤ እሱ ግን በዚያች ጠዋት መብራት የሌለበትን የሐጂ ሙሄን ደጅ ፈራ።

ሐጂ ሙሄ ሱቃቸው በር ላይ፣ በተነባበሩ ጎማዎች መሃል፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከኋላቸው መደርደሪያው ላይ አዲስ ባትሪዎች ተሰልፈዋል፤ ግን ሁሉም ደረቅ ናቸው፤ አሲድ ተሞልተው ለሰዓታት ቻርጅ ካልተደረጉ አይሠሩም፣ ቻርጅ ለማድረግ ደግሞ መብራት የለም።

"አሰላሙ አለይኩም ሐጂ" አለ እንድሪስ።

"ወአለይኩም ሰላም። ምነው ሦስት ሆናችሁ? ሰላም ነው?"

"ፓምፕ ፈልገን ነው" አለ ሸጋው። በዚህ ቢያቆም ደግ ነበር። ሸጋው ግን ሆዱ ውስጥ የገባ ነገር አይቀመጥለትም። "ጎማዬ ተንፍሶ መንገድ ዘጋሁ፤ መንገዱ ተዘግቶ አይሱዙው ቀረ፤ አይሱዙው የተፈለገው ደግሞ ቀብተው ለአልጋነሽ የሸጡት ባትሪ ስለሞተ ነው።"

ሐጂ ሙሄ መቁጠሪያውን አቆሙ።

"ቀብቼ የሸጥኩት?"

"እንዲያ ነው የሚባለው።"

"ማን ነው የሚለው?"

ሸጋው ወደ እንድሪስ አየ። እንድሪስ ወደ ቢተው አየ። ቢተው ወደ ጎማዎቹ አየ።

ሽማግሌው ተነሥተው ገቡ፣ ፓምፑን አምጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"ፓምፑ ይኸው። ጎማ የማልነፋለት ሰው የለም። ግን ልጄ ቢተው፣ አርባ ዓመት እዚህ በር ላይ ተቀምጫለሁ፤ እንዲህ ያለ ስም ወጥቶልኝ አያውቅም። ባትሪውን ከፍተህ ያየኸው አንተ ነህ። ምን ሆኖ ሞተ? አንድ ቃል ንገረኝና እጄን ልዘርጋ። ሌባ የተባለ እጅ እንዴት ይዘረጋል?"

ሁሉም ቢተውን አዩት። ቃሉ ደረቱ ውስጥ አለ፤ አጭር ቃል ነው። እስከ ጉሮሮው መጣ። እዚያ ሲደርስ ሴቶቹን አሰበ፤ በረንዳው ላይ ቆመው ሲስቁ ታዩት። "ቢተው የነካው አይሞትም።" ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣበቀ።

ምላሱ ቃሉን አላወጣ አለ፣ ቃሉ ከሐጂ ሙሄ ጆሮ አልደርስ አለ፣ ሐጂ ሙሄ ፓምፑን አልሰጥ አሉ፣ ፓምፑ ጎማውን አልነፋ አለ፣ ጎማው ጋሪውን አልሸከም አለ፣ ጋሪው መንገዱን አልለቅ አለ፣ መንገዱ አይሱዙውን አላሳልፍ አለ፣ አይሱዙው ባትሪውን አላበድር አለ፣ ባትሪው ጄነሬተሩን አላስነሳ አለ፣ ጄነሬተሩ ማስፈልፈያውን አላበራ አለ፣ ማስፈልፈያው እንቁላሉን አላሞቅ አለ፣ ጫጩቷም ኳ አለች። አንድ ጊዜ። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ሁለት ገባ።

በዚህ መሃል እትዬ አልጋነሽ እየሮጡ መጡ። አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ አለው፣ ሌላው የለውም።

"ሐጂ! ሐጂ ሙሄ! ምን በደልኩዎት?" ብለው በሩ ላይ ጮኹ። "እኔ ብቻ ብሆን እሺ! የድሀ ሴት እንቁላል ነው፣ የአርባ ቤት አደራ ነው! በየትኛው ዓይኔ ነው የማያቸው? ሰው ሁሉ ቢያታልለኝ እርስዎ ያታልሉኛል?"

ጎረቤት ከየበሩ ብቅ ብቅ አለ። ሐጂ ሙሄ ፓምፑን መሬት አስቀምጠው ቆሙ። ይቆጣሉ ብሎ ቢተው ጠበቀ። ቢቆጡ ደግ ነበር፤ ቁጣ ውስጥ መደበቂያ ይገኛል። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። ቆባቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱና በሁለት እጃቸው ይዘው ከእትዬ አልጋነሽ ፊት አንገታቸውን ደፉ።

"አልጋነሽ፣ እኔ ቀብቼ አልሸጥኩም። ግን ያመጣልኝ ሰው አታሎኝ ይሆናል። አርጅቻለሁ፣ ዓይኔም ደክሟል። ሳላውቅ በድዬሽ ከሆነ አውፍ በይኝ።"

ቢተው ነጩን ራሳቸውን አየ። እሱ ሊለው የሚገባውን እሳቸው አሉት። የእሱን ይቅርታ እሳቸው ጠየቁለት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ፤ መሬት ግን እንኳን እሱን የጋሪውንም ድንጋይ አልዋጠች። እስከ አሁን ያፈረው ሰው እንዳያውቅበት ነበር። አሁን ደግሞ ራሱን ቆሞ ሲያይ አፈረ። ይሄኛው ዕፍረት ከዚያኛው ይበልጣል። ትልቁ ዕፍረት ትንሹን ዕፍረት ከምላሱ ላይ ገፍቶ ጣለው።

"ሐጂ፣ ቀና ይበሉ" አለ። "ባትሪዎ ምንም አልነበረበትም። የገደልኩት እኔ ነኝ። የዛሬ ሦስት ሳምንት የቻርጀሩን ብሬከር አውርጄ ሳላነሳ ክዳኑን ዘጋሁት።"

ሐጂ ሙሄ ቀና አሉ።

"ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ" አለ ቢተው። ይህኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደው። "አይቼ ነው የዋሸሁት።"

ሸጋው ሸንኮራውን መምጠጥ አቆመ። እንድሪስ "አንተ!" ብሎ ቀረ። እትዬ አልጋነሽ ቀረብ ብለው ፊቱን አዩት።

"አይተኸው?"

"አዎ እትዬ።"

"እኔ እኝህን ሰው በአደባባይ… አንተን አምኜ…" አልጨረሱትም። ቢመቱት በተሻለው ነበር።

ሐጂ ሙሄ ቆባቸውን መልሰው ደፉ። ከዚያ ፓምፑን አንሥተው ለቢተው አቀበሉት።

"አውፍ ብዬሃለሁ። በል እንካ። እኔ ጉልበት የለኝም፤ የምትነፋው አንተ ነህ። ፍጠን!"

እንግዲህ ያዙኝ፣ ሰንሰለቱ ሊፈታ ነው!

ምላሱ ቃሉን አወጣ፣ ቃሉ ከሐጂ ሙሄ ጆሮ ደረሰ፣ ሐጂ ሙሄ ፓምፑን ሰጡ፣ ፓምፑ ጎማውን ነፋ፣ ጎማው ጋሪውን ተሸከመ፣ ጋሪው መንገዱን ለቀቀ፣ መንገዱ አይሱዙውን አሳለፈ፣ አይሱዙው ባትሪውን አበደረ፣ ባትሪው ጄነሬተሩን አስነሳ፣ ጄነሬተሩ ዱዱዱዱ ብሎ ማስፈልፈያውን አበራ፣ ማስፈልፈያው እንቁላሉን አሞቀ፣ ጫጩቷም…

ጫጩቷም ዝም አለች።

እትዬ አልጋነሽ ጋቢውን ገልጠው ጆሯቸውን አስጠጉ። ሐጂ ሙሄ ደጃፉ ላይ በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ። ቢተው ግን ወደ ውስጥ አልገባም። ፓምፕ የነፋበት እጁ ውሃ ተቋጥሮበት፣ ጄነሬተሩ ጎን ተቀምጦ የእትዬ አልጋነሽን ጀርባ ያያል። ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ አራት። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ ስድስት።

"እስቲ ዝም በሉ" አሉ እትዬ አልጋነሽ፣ ማንም ሳይናገር።

ኳ።

"አለች?" አሉ ሐጂ ሙሄ።

ኳ… ኳ።

"አለች!" አሉ እትዬ አልጋነሽ፤ ተቀምጠው አለቀሱ።

በማግስቱ ጠዋት "የሃዋ" የሚለው ቅርፊት ለሁለት ተከፈለ። ርጥብ፣ ቀጭን፣ ቢጫ ነገር ወጣች፤ ትንሽ ቆማ ወደቀች፣ ወድቃ ተነሣች፣ ከመብራቱ ሥር ሄዳ ተኛች። የፈለገችውን አገኘች። ከእርሷ ኋላ ሌሎቹም ወጡ፤ አብዛኞቹ ወጡ፣ ጥቂቶቹ ቀሩ። የቀሩት በብርዱ ይሁን በሌላ፣ ማንም ሊያውቅ አልቻለም። እትዬ አልጋነሽም ስለዚያ ምንም አላሉ። ቢተው ያልተፈለፈሉትን አንድ በአንድ እያነሣ፣ ከጆሮው እያስጠጋ፣ መልሶ ሲያስቀምጥ አዩት፤ "ተወው በቃ" ብቻ አሉት።

ከዚያ ቀን በኋላ ቢተው ጄነሬተር የተከለበትን ቤት ሁሉ ሊፈትሽ ተነሣ። ማንም አልጠራውም። በመጀመሪያው ቤት ብሬከሯ ወደ ላይ ነበረች። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ደህና ነበረች። በአራተኛው ቤት ክዳኑን ሲከፍት ብሬከሯ ወደ ታች ናት።

ግቢው ውስጥ ሰው የለም። የቤቱ ጌታ የሚጠጣው ውኃ ሊቀዳለት ገብቷል። አውራ ጣቱን አንድ ጊዜ ቢገፋ ይበቃ ነበር።

ቢተው እጁን ወደ ኋላው አደረገ።

"ጌታዬ!" ብሎ ተጣራ። "እባክዎ ይምጡና ይዩ። ይችን አጥፍቼ የሄድኩት እኔ ነኝ።"

ሰውየው ውኃውን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ቢተው ክዳኑን እንደከፈተ ቆሞ ጠበቀ። ጆሮው ያን ጊዜም ግሎ ነበር።

የኔ ሰንሰለት እዚህ ላይ ተፈታ። ያላመነ ኮምቦልቻ ወርዶ ጫጩቶቹን ይቁጠር።